ሎሚ የጠጣው ምንሽር

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን ሽበቴን ልቀባ ጸጉር ቤት ሄጄ ነበር። ሠራተኛዋ ቀለሙን በትንሽ ሳህን በጥብጣ ወደ ጆሮዬ ስታስጠጋው አንድ ሽታ አፍንጫዬን ወጋኝና ዓይኔ እንባ ሞላ።

"አቃጠለዎት እንዴ እማማ?" አለች ደንግጣ።

"አላቃጠለኝም፣ ቀጥይ" አልኳት።

ሽታው የአሞኒያ ነው። ሌሎች ሴቶች እንደሚጠሉት አውቃለሁ። እኔን ግን ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ እፎይ ያሰኘኛል። መጀመሪያ ያሸተትኩት ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላኝ፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ በአንድ ብር ሠሪ ደጃፍ ላይ ነው። ያኔ ስሙ "የኑሻድር ውሃ" ነበር።

አባቴ ሃምሳ አለቃ ደምሴ የመንዝ ሰው ነው። ሐረር ከመምጣታችን በፊት ሁለት ዓመት ኦጋዴን በረሃ ውስጥ ባለ ጣቢያ ኖረናል። ታናሽ ወንድሜን የቀበርነው እዚያ ነው። በሦስት ቀን ትኩሳት ሄደ። ከዚያ በኋላ አባቴ አመልክቶ፣ ለምኖ፣ ደጅ ጠንቶ ሐረር የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት የዘበኞች አለቃ ሆኖ ተመደበ። እናቴ ሐረር የገባን ዕለት ከመኪናው ስትወርድ፣ "ከእንግዲህ ሬሳዬ እንጂ እኔ ቆላ አልወርድም" ማለቷን አስታውሳለሁ። እኔ በምነግራችሁ ወቅት፣ ጣሊያን ከወጣ አሥር ዓመት ያህል ሆኖታል፣ እናቴ ደግሞ እርጉዝ ነበረች።

የተከራየነው ከጀጎል ግንብ ሥር፣ አው ዩሱፍ ግቢ ውስጥ ነው። ሐረሮች ትልቅ ሰውን "አው" ብለው ያከብራሉ። አው ዩሱፍ ብር ሠሪ ናቸው። አባቴ እንደ አገሩ ልማድ "እርስዎ" ይላቸዋል፤ እሳቸው ግን እንደ ሐረር ሰው ለሕፃኑም ለሹሙም "አንተ" ነበር የሚሉት። ቤቱን ሲያከራዩን የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ሃምሳ አለቃ፣ ጠመንጃህን ግቢዬ ውስጥ ዓይኔ እንዳያየው። ስትገባም ስትወጣም ሸፍነው።"

ወንድማቸው በጦርነቱ ግርግር ከራሳቸው ሱቅ ፊት በጥይት መሞቱን በኋላ እናቴ ነገረችኝ። አባቴ ቃሉን ጠበቀ። ምንሽሩን ሁልጊዜ በጋቢ ጠቅልሎ ነው ግቢውን የሚያቋርጠው። እኔ የተጠቀለለው ስለሚበርደው ይመስለኝ ነበር።

መሥሪያ ቤቱ የመሣሪያ ማስቀመጫ ስላልነበረው እያንዳንዱ ዘበኛ ጠመንጃውን ቤቱ ይዞ ይገባል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ጥቅምት ላይ፣ ዘበኞቹ ድሬ ጠያራ አካባቢ ወርደው ተኩስ ይለማመዳሉ። ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት ከአዲስ አበባ አንድ ሻምበል መጥቶ ጠመንጃዎቹን አንድ በአንድ ይመረምራል። በዚያ ዓመት የተሰጣቸው ጥይት ያረጀ ነበር። አባቴ ከልምምድ ሲመለስ የምንሽሩ አፈሙዝ ውስጡ ጥላሸት ጠጥቷል።

በየቀኑ ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ ይቀመጥና ከኋላ ያለውን መዝጊያ ብረት ስቦ ያወጣል፤ ጨርቅ በገመድ አስሮ፣ ላምባ ነክሮ፣ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ይጎትታል። ጨርቁ ጥቁር ይወጣል። ሁለተኛው ግራጫ፣ ሦስተኛው ነጭ። በማግስቱ ግን ነጭ ጨርቅ ሲያስገባ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አቅንቶ ረጅም ጊዜ ያያል። ያ ቱቦ ሩቅ አገር የሚያሳይ ነበር የሚመስለኝ።

"አባዬ፣ መንዝ ይታያል?" አልኩት አንድ ቀን።

"የሚታየው ጉድ ነው" አለኝ።

ጉድ የሚባል አገር እንዳለ አመንኩ።

ምክትሉ አሥር አለቃ ወልዴ ከሰዓት በኋላ እየመጣ ምክር ይሰጣል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር እጁን የሚያወራጭ ሰው ነው። መጀመሪያ "ላምባ አብዛበት" አለ። ላምባው ሲያቅተው "የበግ ጮማ ቀባው" አለ። እሱም ሳይሆን ሲቀር "ደቃቅ አሸዋ በዘይት ለውሰህ ፈትገው" አለ። አባቴ አሸዋውን ፈራ።

"ሻምበሉ ዓይኑን እዚህ ላይ ካደረገ የሚሸሸግ ነገር የለም" አለ አባቴ። "አምና ጠመንጃው ዝጎ የተገኘበትን ሰውዬ የትኛው በረሃ እንደላኩት ታውቃለህ።"

ወልዴ ወደ እናቴ ሆድ አየ። እኔ የተረዳሁት ሁለት ነገር ነው፦ ሻምበሉ በዚያ ቱቦ ሲያይ ሁሉም ነገር ይታየዋል፤ ደግሞም ጠመንጃው ካልጸዳ ቆላ እንወርዳለን።

በዚያው ሰሞን የአው ዩሱፍ ሚስት እማማ ዘይነባ የነሐስ ሳህኖቿን ለበዓል ታጸዳ ነበር። ግማሽ ሎሚ ጨው ላይ ትነክርና የጠቆረውን ሳህን ትፈትጋለች። ዓይኔ እያየ ጥቁሩ ይለቅና ወርቅ የመሰለ ነገር ብቅ ይላል። "እዪ፣ ጽጌ" አለችኝ፣ "ሎሚን የሚችል ቆሻሻ የለም።"

እኔም አሰብኩበት። ላምባ አልቻለም፣ ጮማ አልቻለም፤ ሎሚን ግን የሚችል የለም።

እሑድ አባቴ ቤተ ክርስቲያን ውሎ ከዚያ ወደ ማኅበሩ ሄደ። እናቴ ጓሮ ልብስ ታሰጣለች። አንድ ግማሽ ሎሚ ሲኒ ውስጥ ጨመቅሁ፣ አንድ ጭብጥ ጨው ጨምሬ በጣቴ አማሰልኩ። ምንሽሩ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሟል። ዱካ ላይ ወጣሁና በአፉ በኩል ቀስ እያልኩ አጠጣሁት። "ጉልጭ" አለ። ሽሮ የነካውን ድስት እናቴ ዘፍዝፋ እንደምትተወው እኔም ይሥራበት ብዬ ተውኩት። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አባቴ ሲከፍተው የሚያበራ ነገር አይቶ፣ "ማነው እንዲህ ያደረገልኝ?" ሲል ይታየኝ ነበር።

ሰኞ በአሥራ አንድ ሰዓት አባቴ በሩ ላይ ተቀመጠና መዝጊያውን ሳበ። ቀይ ውሃ ጉልበቱ ላይ ጠብ ጠብ አለ። ጠመንጃው የደማ መሰለኝ። አባቴ ጨርቅ ጎተተ፤ ጨርቁ የዛገ ቆርቆሮ መስሎ ወጣ። ጨርቁን አሸተተው። ፊቱ አመድ ሆነ።

"ምንድን ነው?" አለች እናቴ ከውስጥ።

"አንድ ነገር ጨምረውበታል" አለ በቀስታ። "ትናንት ወልዴ እኔ ሳልኖር መጥቶ ነበር?"

"መጥቶ ነበር። ትንባሆውን ረስቶ ሊወስድ ነው የመጣ።"

አባቴ ተነሣ። ምንሽሩን መሬት ላይ ጥሎ፣ በትሩን ይዞ ወጣ። እናቴ "ደምሴ!" ብላ ሁለት ጊዜ ተጣራች፤ አልዞረም። ወልዴ የእሱን ቦታ ይፈልጋል ተብሎ ይታማ እንደነበር ያኔ አላውቅም። የማውቀው አባቴ በዚያ ሁኔታ ወጥቶ እንደማያውቅ ነው። ተከትዬው ሮጥኩ።

የጀጎልን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሁለት ሰው ከተገናኘ አንዱ ግንብ ላይ መለጠፍ አለበት። አባቴ ቅያሱ ላይ ሲደርስ ከሶፊ ጫት ተጭነው የመጡ ሦስት አህዮች መንገዱን ሞሉት። ባለቤቶቹ በኦሮምኛ እየጮሁ ሊያሳልፉት ይሞክራሉ። እኔ ከጭነቱ ሥር ሾልኬ የካፖርቱን ጫፍ ያዝኩ።

"አንቺ፣ ተመለሽ!"

"አሥር አለቃ ወልዴ አይደለም።"

"ምኑ?"

"እኔ ነኝ ያጠጣሁት።"

አህዮቹ አለፉ። አባቴ እዚያው ግንቡን ተደግፎ አየኝ።

"ምንድን ነው ያጠጣሽው?"

"ሎሚና ጨው።"

"ለምን?"

"እንዲያበራ። ቆላ እንዳንወርድ።"

በትሩን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። የሚመታኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ድምፁን ስሰማ ግን ከታች በኩል ነበር፤ ከአንድ ቤት ደረጃ ላይ ቁጭ ብሏል።

"ስንት ሎሚ?" አለኝ።

"ግማሽ።"

"ጨውስ?"

ጭብጤን አሳየሁት። ጭብጤን በእጁ ያዘ። ከዚያ፣ "ደጉ ነገር ደረስሽልኝ" አለ። "በዚህ በትር ሰው ልመታ ነበር።"

ቤት ስንመለስ እናቴ ነገሩን ሰምታ አልጮኸችም። ወገቧን ይዛ ተቀመጠች። "ብረት የሚያውቅ ሰው እዚሁ ግቢ ተቀምጦ አንተ የወልዴን ምክር ትሰማለህ" አለችው። "ሂድና አው ዩሱፍን ጠይቃቸው።"

"ጠመንጃ ይዤ? እሳቸው ጋ?"

"አልሄድም ካልክ እኔ እሄዳለሁ።"

አባቴ ምንሽሩን በጋቢው ጠቀለለና ወደ አው ዩሱፍ መሥሪያ ወረደ። እኔም ተከተልኩት። ከከሰል ምድጃቸው ፊት ተቀምጠው የብር አምባር እየቀጠቀጡ ነበር።

"አው ዩሱፍ፣ ይቅር ይበሉኝ። ቃሌን ላፈርስ ነው የመጣሁ" አለ።

ጋቢውን አዩት። መዶሻቸውን አስቀመጡ። አባቴ ከጥይቱ ጀምሮ እስከ ሎሚውና እስከ በትሩ ድረስ ነገራቸው። አው ዩሱፍ እኔን በጣታቸው ጠሩኝ።

"አንቺ ነሽ ሎሚ ያጠጣሽው?"

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

"ባትደርሺበት ኖሮ ያ ወልዴ የሚባለው ሰውዬ ዛሬ ራሱ ይፈነከት ነበር?"

"አዎ" አልኩ።

"እንግዲያ በዚህ ጠመንጃ ምክንያት ደም እንዳይፈስ ሰበብ ሆነሻል" አሉ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረው፣ "ፍታው" አሉት።

መጀመሪያ ያደረጉትን አልረሳም። የቆየውን ጨርቅ፣ ከሎሚው በፊት የወጣውን፣ ተቀብለው በምላሳቸው ጫፍ ቀመሱት። አባቴ ደነገጠ።

"ጨው ጨው ይላል" አሉ። "ጊደር መጋላ ገበያ የጨው ነጋዴው ጆንያ ጠዋት ጠዋት ለምን እንደሚረጥብ ታውቃለህ? ጨው ካየር ውሃ ይጠራል። ጥይትህ ሲፈነዳ ውስጡ ጨው ትቶልሃል። ልጅቷ ባታጠጣውም ቀስ እያለ ይበላው ነበር። እሷ ያፋጠነችው ብቻ ነው።"

"ላምባ በየቀኑ እያጠብኩት ነበር እኮ።"

አው ዩሱፍ ሁለት ሲኒ አመጡ። በአንዱ ላምባ፣ በሌላው የፈላ ውሃ አደረጉ። እኔ በሁለቱም ላይ ቆንጥሬ ጨው ጣልኩ። ከውሃው ውስጥ ጨው ወዲያው ጠፋ። ከላምባው ሥር ግን ነጭ ሆኖ ተኛ። አማሰሉት፤ ያው ነው።

"ላምባ ቅባት ያነሳል። ጨው የሚፈራው ውሃን ነው።"

"እኛ ከዝናብ የምንሸሽገውን ጠመንጃ ውሃ ላጠጣው?" አለ አባቴ።

"የፈላ ከሆነ ምን ችግር አለ? ብረቱ ራሱ ይግላል፤ ሲግል ራሱን ያደርቃል።"

አባቴ የላምባውን ሲኒ እንደገና አየው። ከዚያ ካፖርቱን አወለቀ።

ከዚያ ቀን እስከ ዓርብ ድረስ ከትምህርት ቤት ስመለስ በቀጥታ ወደ መሥሪያው ነበር የምሮጠው። መጀመሪያ ሳሙና የተበጠበጠበት የፈላ ውሃ፣ ሦስት ጀበና ሙሉ፣ በቆርቆሮ ማንቆርቆሪያ ከኋላ በኩል ገባ። ከአፉ የወጣው ውሃ ቀይ ነበር፤ ሁለተኛው የሻይ መልክ ያዘ፤ ሦስተኛው ጠራ። አፈሙዙ ስለጋለ አባቴ በጋቢው ጫፍ ይዞ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየቀያየረ፣ "አቦ፣ አቦ" እያለ እንደ ሐረር ሰው ሲናገር ሰማሁት።

ዝገቱን ለመፋቅ አው ዩሱፍ ቀጭን የነሐስ ሽቦ በዘንግ ጫፍ ላይ ጠምጥመው ብሩሽ ሠሩ። "አሸዋ ቢሆንስ?" አላቸው አባቴ ወልዴን አስታውሶ። "አሸዋ ዝገቱን ትቶ ብረቱን ይበላል" አሉ። "ከብረት የለዘበ ነገር ነው ብረትን የሚያጸዳው።"

ረቡዕ ዕለት ከመደርደሪያቸው አንድ ትንሽ ጠርሙስ አወረዱ። ብር የሚያጸዱበት የኑሻድር ውሃ ነው። "አፍንጫሽን ያዢ" አሉኝ። አልያዝኩም። ሽታው በአፍንጫዬ ገብቶ በጭንቅላቴ የወጣ መሰለኝ፤ እንባዬ ወረደ። ጨርቁን ነክረው ሲጎትቱት ጥቁር አልነበረም፣ ቀይም አልነበረም። ሰማያዊ ሆኖ ወጣ፤ የመስቀል ሰሞን ሰማይ የመሰለ።

"ሰማይ ነው እንዴ ውስጡ ያለው?" አልኩ።

አው ዩሱፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። "የጥይቱ መዳብ ነው፣ ልጄ። ተኩሱ በብረቱ ላይ ይለስነዋል። ኑሻድር መዳብ ሲያገኝ እንዲህ ሰማያዊ ይሆናል።" ብዙ እንዳይቆይበት ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አወጡት፣ እንደገና በፈላ ውሃ አጠቡት። ሰማያዊው እየሳሳ ሄደና ሐሙስ ላይ ጨርቁ ነጭ ሆኖ ወጣ።

የቀረው ቅባቱ ነው። አባቴ የኑግ ዘይት ሲያቀርብ አው ዩሱፍ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይይዛል አሉ። ቅቤም እንቢ አሉ። "የስፌት መኪና ዘይት ነው የሚበጀው። ቀጭን ነው፣ አይደርቅም።" እናቴ ሆዷን ይዛ መኪና ግርግር የሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ድረስ ሄዳ ከአንዱ በብልቃጥ ይዛ መጣች።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አው ዩሱፍ ምንሽሩን ራሳቸው አነሡት። እስከዚያ ድረስ በእጃቸው ነክተውት አያውቁም፤ ይዞ የሚያገላብጥላቸው አባቴ ነበር። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዝቅ አደረጉት።

"እኔ የምፈራው" አልኳቸው፣ "ነገ ሻምበሉ ሲያይበት እኔ እንዳልታየው ነው።"

"እዪው እስቲ።"

አየሁ። አንድ ነጭ ክብ ነበር፣ ዙሪያውን እንደ ቀለበት በቀለበት ላይ የሚዞር ብርሃን። መንዝም የለም፣ ጉድም የለም፣ እኔም የለሁም። ጥግ ላይ ብቻ ጥቂት ጥቋቁር ነጥቦች አሉ፤ የፈንጣጣ ጠባሳ ይመስላሉ።

"እሱ የሎሚው ነው" አሉ አው ዩሱፍ። "እሱ አይለቅም። ኢንሻ አላህ ያልፉታል።"

ያቺ "ያልፉታል" የምትል ቃል እናቴን አላሳመነችም። ቅዳሜ ጠዋት አባቴ እንደወጣ የኦጋዴኑን ሣጥን ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣች። ብርድ ልብሱን አጠፈች፣ ድስቶቹን በጆንያ ከተተች፣ በገመድ አሰረች። እማማ ዘይነባ መጥታ በሩ ላይ ቆማ አየቻትና አጠገቧ ቁጭ ብላ ገመዱን ያዘችላት። ቀትር እስኪሆን እንዲያ ዋሉ።

አባቴ የመጣው ከወልዴ ጋር ነው። ወልዴ ገና ግቢ ሲገባ እጁን ማወራጨት ጀመረ። ነገሩን የነገረን እሱ ነው፤ አባቴ አጠገቡ ቆሟል።

"ሻምበሉ አየ። አዞረና አየ። ጥፍሩን ብርሃን እንዲመልስለት ከኋላ ደግኖ እንደገና አየ። 'ይሄ ጠባሳ ምንድን ነው?' አለ። እኔ ደምሴ አንድ ነገር ይፈጥራል ስል፣ 'ልጄ ልታሳምረው ብላ ሎሚ አጠጣችው ጌታዬ' አይልም መሰላችሁ? ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ሻምበሉ አልሳቀም። 'በምን አዳንከው?' አለው። 'በፈላ ውሃ፣ በሳሙናና በኑሻድር።' 'ማን አስተማረህ?' 'አከራዬ።' ሻምበሉ ጠመንጃውን መለሰለት። 'ጠባሳ ያለው ይተኩሳል፣ ቆሻሻ ያለው ነው የማያስተማምነው' አለና አለፈው።"

"ያንተስ?" አለች እናቴ።

ወልዴ እጁን አወረደ። "የኔን በላምባ ነው ያጠብኩት። በሳምንት አጽድተህ አምጣ ብሎኛል። ያ ጠርሙስ ተርፏል?"

አባቴ ያን ጊዜ ተናገረ። "ወልዴ፣ ሰኞ ዕለት አንተን ጠርጥሬ በትር ይዤ ወጥቼ ነበር።"

ወልዴ አየው። "እኔም ብሆን አንተን እጠረጥር ነበር" አለና፣ "ና፣ ሰውዬው ጋ ውሰደኝ" አለው።

አው ዩሱፍ ዜናውን ሲሰሙ "አልሐምዱሊላህ" አሉ። ጠርሙሱን ለወልዴ ሰጡት። ለአባቴ ደግሞ፣ "አሁን መልሰህ ሸፍንልኝ" አሉት። አባቴ ምንሽሩን በጋቢው ጠቀለለ።

ቤት ስንገባ የታሰረው ጭነት መሃል ወለሉ ላይ ተቀምጧል። አባቴ በርከክ ብሎ ገመዱን ይፈታ ጀመር። ብርድ ልብሱን አወጣና አልጋው ላይ ዘረጋው። እናቴ ሲዘረጋ አየችው፤ ከዚያ ጫማዋን ሳታወልቅ ላዩ ላይ ጋደም አለች። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። እናቴ ቀን ላይ ስትተኛ ያየሁት የዚያን ዕለት ብቻ ነው። አፏን ከፍታ፣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ እንደ ሕፃን ታንኮራፋ ነበር።

አባቴ ዱካውን ወስዶ በሩ ላይ ተቀመጠ። ውሃ ቀድታ የመጣችውን የጎረቤት ልጅ፣ ፍየል የሚነዳውን ልጅ፣ እማማ ዘይነባን ራሷን፣ ግቢውን ያቋረጠውን ሁሉ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ያሳልፍ ነበር። አው ዩሱፍም መዶሻቸውን አላነሡም። እስክትነቃ ድረስ በዚያ ግቢ ድምፁን ከፍ አድርጎ የተናገረ ሰው አልነበረም።